ደቂቃ ያልጠየቁ ልጆች

በዚያ የመጋቢት ዓርብ ረፋድ በረዶ አውራ ጎዳናውን ባይዘጋው ኖሮ ኦርቪል ተግላንድ ከላይል ፔትራሴክ ልጅ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ባልተቀመጠ ነበር። ባይቀመጥ ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ደግሞ እሱ ራሱ እስከ ዛሬ ማሰብ አይወድም።

የመንገድ ፖሊሱ መኪናውን አግድም አቁሞ በመስኮት ጎንበስ አለና፣ «አሰልጣኝ፣ ከዚህ ወዲያ ማለፍ የለም። ጠራጊው መኪና እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ገብተው ይሙቁ» አለው። ፖሊሱም የድሮ የትግል ስፖርት ተማሪው ነበር። በዚያ የአሜሪካው አዮዋ ጥግ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ወንድ ሁሉ አንድ ቀን በኦርቪል እጅ ምንጣፍ ላይ ተፈጥፍጦ ያውቃል ማለት ይቻላል። ኦርቪል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት አሳማዎቹን እያበላ፣ ከሰዓት በኋላ በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትግል ስፖርት ሲያስተምር ኖሯል። ጡረታ ከወጣም በኋላ ስሙ አሰልጣኝ እንደሆነ ቀረ። ሚስቱ እንኳ አሰልጣኝ ትለዋለች። «አባባ» ብሎ የሚጠራው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የልጅ ልጁ ብሮዲ።

ያን ዕለትም የሚጓዘው ወደ ብሮዲ ነበር። ብሮዲ አራተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የዩኒቨርሲቲው ታጋይ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ የመጨረሻው ትልቅ ውድድር ይጠብቀዋል። ሦስት ግጥሚያ ካሸነፈ ለአገር አቀፉ ያልፋል፤ ካልሆነለት ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ የለፋበት ነገር እዚያው ላይ ያበቃል።

ማደያው ውስጥ በረዶ ያገታቸው የከባድ መኪና ሾፌሮች ፒዛቸውን ይዘው ወንበሩን ሁሉ ሞልተውታል። ክፍት የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ ከመስኮቱ ስር፣ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ጃኬት ከለበሰች ወጣት ሴት ፊት ለፊት። ከፊቷ ቡና በወረቀት ኩባያ፣ ከቡናው አጠገብ ደግሞ ከብረትና ከማሰሪያ የተሠራ የጉልበት መደገፊያ ተቀምጧል።

«የላይል ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አላት።

«ነኝ፣ አሰልጣኝ። ኬልሲ ነኝ። ይቀመጡ።»

ኬልሲ የብሮዲ ቡድን ወጌሻ ነበረች፤ ስድስት ዓመት ተምራ በዲግሪ የወጣች ወጌሻ። ቡድኑ ሐሙስ በአውቶቡስ ሲሄድ እሷ የተሰበረውን መደገፊያ አስጠግና ለመከተል ወደኋላ ቀርታ ነው መንገድ የተዘጋባት።

ኦርቪል ቡና ገዝቶ ተቀመጠ፤ መደገፊያውን በጣቱ ነካ አደረገና፣ «ይሄ የብሮዲ ነው» አለ።

«የማን እንደሆነ መናገር አልችልም። ስለ አንድ ታጋይ ጤና ለአያቱም ቢሆን ትንፍሽ እንዳልል ሕግ ይከለክለኛል።»

«ማሰሪያው ላይ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«እንግዲያው እርስዎ ነገሩኝ እንጂ እኔ አልነገርኩዎትም» አለችና ፈገግ አለች። ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። ኩባያዋን አዞረችና፣ «አሰልጣኝ፣ ስለ ብሮዲ አላወራም። ግን አንድ ልጅ አለ እንበል» አለች።

«እንበል።»

«ጥር ላይ የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ። እንዲያርፍ ሲነገረው አሻፈረኝ ብሎ በመደገፊያ ስምንት ጊዜ የታገለ። የካቲት ላይ ትከሻው ወልቆ በገዛ እጁ ያስገባ።»

«ጎበዝ ልጅ ነው በይኛ» አለ ኦርቪል። ኩራቱን መደበቅ አልቻለም።

«እስከዚህ ድረስ እኔም ስጨቃጨቀው ከረምኩ እንጂ አላገድኩትም። አሁን የሚያሳስበኝ አንገቱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በአንገቱ ወደቀ። ተነሥቶ ታገለ፣ አሸነፈም። ከዚያ ወዲህ ግን ቀኝ እጁን ሳየው አልወደድኩትም። ሹካ ከእጁ ይወድቃል። የውሃ ጠርሙስ በጥርሱ ሲከፍት አይቼዋለሁ። ስጠይቀው ‹ደህና ነኝ› ይላል።»

ኦርቪል ሳቅ አለ። «ልጄ፣ ይሄ ትግል ነው፤ ሹራብ ሥራ አይደለም። ሳያመው የሚታገል ታጋይ አይቼ አላውቅም። እኔ በልጅነቴ የጎድን አጥንቴ ተሰብሮ ሁለት ግጥሚያ ጨርሻለሁ። አሁን ሲበርድ ይጠዘጥዘኛል፤ ይኸው ግን በሕይወት አለሁ።»

«የጎድን አጥንት ይጠግናል። ነርቭ እንደሱ አይደለም። አንገት ውስጥ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ ነገር ከቦታው ሲወጣ ወደ እጅ የሚሄደውን ነርቭ ይጫነዋል። ቶሎ ካረፈና ከታከመ ይመለሳል። ደጋግሞ ከተመታ እጁ እንደ ደነዘዘ ይቀራል። ክፉ አወዳደቅ ከወደቀ ደግሞ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ በሙሉ ላይታዘዘው ይችላል። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው፣ አሰልጣኝ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ፈርሟል። ይታገል ብሏል።»

«በቃ! ሐኪም ከፈረመ ምን ቀረሽ?»

ኬልሲ ትከሻዋን ሰበቀች። «ሐኪሙ የሚያየው መለኪያውን ነው። የሁለቱን እጆች ጉልበት በመጨበጫ መሣሪያ እንለካለን። ቀኙ ከግራው ደክሞ ቢገኝ፣ ወይም መስከረም ላይ ከተለካው ቀንሶ ቢገኝ ያግደው ነበር። ይሄ ልጅ ግን ሁለቱም እጁ እኩል ነው። ከመስከረሙም አልቀነሰም። ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ እኩል። እንግዲህ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ማለት ነው።»

ኦርቪል ቡናውን ወደ አፉ ያስጠጋው እጁ እዚያው ቀረ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ስለዚህ ሽማግሌ አንድ ነገር መናገር ግድ ነው፤ የሚያኮራ ነገር ግን አይደለም። ኦርቪል ታጋዮቹን ከሚያስተምራቸው ነገሮች መሃል በደብተር የማይጻፍ አንድ ብልሃት ነበረች። መስከረም ላይ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ የእጅ ጉልበታችሁ ሲለካ ለስለስ አድርጋችሁ ጨብጡ ይላቸዋል። ኋላ አንድ እጃችሁ ሲጎዳ ደግሞ ጤነኛውን እጅ እንደተጎዳው አድክሙት፤ ያኔ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ፣ ከመስከረሙም አይለዩም፣ ሐኪሙም የሚይዘው ነገር ያጣል። ለብሮዲ ይህን ያስተማረው በአሳማዎቹ በረት ውስጥ፣ ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። የገዛ ጣቶቹን እያስጨበጠ አለማምዶታል፤ ልጁ ቶሎ ሲገባውም ደስ ብሎት ነበር።

የትምህርት ቤቱ መለማመጃ ክፍል ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ታጋይ ሲጎዳ ግጥሚያው ቆሞ የሚታይበትን የጉዳት ደቂቃ ዳኛውን መጠየቅ ይፈቀድለታል። በሰሌዳው ላይ ስማቸው የተቀረጸው በአራት ዓመት ውስጥ አንዲት ደቂቃ ያልጠየቁ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ላይል ፔትራሴክ፣ መጨረሻ ላይ ብሮዲ ተግላንድ። ሌላ ቦታ ልጅ በውጤቱ ይመሰገናል፤ በዚያች ከተማ የሚመሰገነው ባልጠየቀው ደቂቃ ነበር።

እና ኦርቪል የኬልሲን ነገር እንደሰማ ሁሉም ወለል ብሎ ታየው። በዚህ ምድር ላይ የልጁን ውሸት የሚያውቅ ከልጁ ሌላ እሱ ብቻ ነው። ልጁን ሊያስቆመው የሚችልም እሱ ብቻ ነው። ተናገረ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አልተናገረም። አንድ ቀን ነው፣ ሦስት ግጥሚያ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያርፋል ብሎ አሰበና ቡናውን ጠጣ።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «የዛሬ ልጆች ለትንሹም ለትልቁም ሐኪም ዘንድ ትሮጣላችሁ። አባትሽን አታይውም? ላይል በመጨረሻው ዓመት አንገቱን ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። አንዲት ደቂቃ አልጠየቀም፤ የክፍለ ግዛቱ ሻምፒዮን ሆነ። ይኸው ሚስት አግብቶ፣ በቆሎውን አርሶ፣ አንቺን አስተምሮ ይኖራል። ምን ጎደለው?»

ኬልሲ ወደ መስኮቱ ዞራ በረዶውን አየችና፣ «ስለ አባቴ መናገር የሚከለክለኝ ሕግ የለም» አለች። «አሰልጣኝ፣ አባቴ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያገኝዎት በየትኛው እጁ ነው የሚጨብጥዎት?»

«በግራው። ቀኙን ኪሱ ይከታል። ቀልዱ ነው፤ ዱሮም ቀልደኛ ነው።»

«ቀልድ አይደለም። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ የሚገባው እንዳይታይ ነው። ሸሚዙን ቆልፎ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት እናቴ ናት የምትቆልፍለት፣ እሱ ኮርኒሱን እያየ። ትራክተሩን የሚነዳው በግራው ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ምድጃው ላይ እጁን ደገፍ አድርጎ ሲያወራን ቆዳው ሸተተን፤ እሱ አልታወቀውም።»

ኦርቪል ኩባያውን ወደ ጎን ገፋ።

«እኔ ስወለድ የተነሣናቸው ፎቶዎች አሉ። በሁሉም ላይ የምታቅፈኝ እናቴ ናት። ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ለምን አላቀፍከኝም ብዬ አኮረፍኩት። ‹እንዳልጥልሽ ፈርቼ› አለኝ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር ያኔ።»

«ለምን አልነገረኝም?» ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

«እንዴት ይንገርዎት? ስሙ ከሰሌዳው አናት ላይ ነው። አሰልጣኝን አሳፍራለሁ ብሎ ነው። እኔ ወጌሻ የሆንኩት ለምን ይመስልዎታል? አንድ ሰው ‹ደህና ነኝ› ሲል እውነቱን እንዳውቅ ብዬ ነው። ይኸው አሁን አንድ ልጅ ደህና ነኝ ይለኛል፣ እኔም አላውቅም።»

ሽማግሌው ያን ጊዜ ትዝ አለው። ላይልን ያን ዓመት ሐኪም ሊያየው ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን የጠቀሰው እሱ ነበር። ላይልም ገባው፣ ግራ እጁን አደከመው፣ ሐኪሙም ሄደ። በመኪና ሲመለሱ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ያን ሳቅ እያስታወሰ ሲደሰት ኖሯል፤ ላይል ግን በዚያው ዘመን ሸሚዙን በሚስቱ እጅ እያስቆለፈ ኖሯል።

«አልተሳሳትሽም» አላት።

«ምኑን?»

«መለኪያው ነው የተሳሳተው። ልጁ ጤነኛውን እጁን ሆን ብሎ ነው የሚያደክመው። መስከረምም ላይ ሁለቱንም አድክሟል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አባትሽንም እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

ኬልሲ ረጅም ጊዜ አየችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «አባቴ ይህን ነግሮኝ አያውቅም» አለች በመጨረሻ።

«አይነግርሽም። የእኔን ጥፋት ሸፍኖ ነው የኖረው።»

«አሁን ለሐኪሙ መደወል እችላለሁ።»

«ትችያለሽ። ግን ለልጁ እኔ ልንገረው። በሌላ ሰው አፍ ከሰማው ጅማቱ ብቻ ሳይሆን ልቡም ይበጠሳል። ነገ ጠዋት፣ ክብደቱ ሊለካ ሚዛን ላይ ሳይወጣ።»

«ሚዛን ላይ ሳይወጣ ካልነገሩት እኔ እናገራለሁ» አለች።

ጠራጊው መኪና መጣ፣ መንገዱም ተከፈተ። ኬልሲ ከፊት፣ ኦርቪል ከኋላ ሆነው እየተከታተሉ አራት ሰዓት ነዱ።

በማግስቱ ጠዋት በአዳራሹ ኮሪደር ታጋዮቹ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ክብደት ለመቀነስ ተርበው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ብሮዲ አያቱን ሲያይ በጉልበቱ እያነከሰ ተነሣ። ጆሮዎቹ በትግል ብዛት ተጨምድደው የእንጉዳይ ቅርጽ ይዘዋል።

«አባባ፣ መንገዱ አሳልፎህ መጣህ?»

«መጣሁ። ቀኝህን ስጠኝ።»

ሰጠው። ኦርቪል ያዘው። «አሁን ግራህን።» ሰጠው። እኩል ነበሩ፤ ግሩም ሥራ ነበር።

«አሁን እንደ እውነትህ ጨብጠኝ» አለው።

«እንደ እውነቴ እኮ ነው።»

«ብሮዲ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ።»

ልጁ ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ ጨበጠው። ግራው የሽማግሌውን አጥንት አንቋቋ። ቀኙ ግን የሕፃን እጅ ነበር። ኦርቪል ያን እጅ ይዞ ትንሽ ቆየ፣ ሊለቀው አልቻለም።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሦስት ሳምንት። አባባ፣ ሦስት ግጥሚያ ብቻ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ቁረጡኝ ብትሉኝ እቆረጥላችኋለሁ።»

«የላይልን እጅ አይተኸዋል?»

«የቱን?»

«እኔም ትናንት ነው የሰማሁት» አለና የሸሚዙን፣ የምድጃውን፣ የፎቶውን ነገር ነገረው።  ብሮዲ አንገቱን ደፍቶ ሰማው፤ ሲጨርስ ግን ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር።

«ስሜን ሰሌዳው ላይ ስትቀርጽ አለቀስክ» አለው። «አቅፈኸኝ አለቀስክ። ደቂቃ የሚጠይቅ ልጅ የሚሳቅበት ቤት ውስጥ አሳደግከኝ። እና አሁን፣ ሚዛኑ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ጠይቅ ትለኛለህ?»

«አዎ። አሳስቼህ ነበር። አንተ ካልጠየቅክ እኔ እጠይቅልሃለሁ።»

«ያኔ ትክክል ከነበርክ አሁን ተሳስተሃል። አሁን ትክክል ከሆንክ ደግሞ እኔ በከንቱ ነው የተሰበርኩት። የቱን ልያዝ?»

 «ሁለተኛውን» አለ ኦርቪል ቀስ ብሎ። «በደሉ የእኔ ነው። እጅህን ግን አትክፈልበት።»

ኬልሲ ከኮሪደሩ ጫፍ የመለኪያ መሣሪያዋን ይዛ ቆማለች። ብሮዲ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ አያቱን አየ። ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለ።

«እሺ፣ አሰልጣኝ» አለ።

ኦርቪል በሕይወቱ ያን ቃል መቶ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። ከዚያ አፍ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ነበር።

ሐኪሞቹ አንገቱን በመሣሪያ ሲያዩ ነገሩ ኬልሲ ከፈራችው የባሰ ሆኖ ተገኘ። አንድ ክፉ አወዳደቅ ቢወድቅ ኖሮ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይነሣ ይችል ነበር አሉ። ግንቦት ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሦስቱን ግጥሚያ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ልጅ አሸንፎ አለፈ። ብሮዲ ከዚያ ወዲህ ምንጣፍ ላይ አልወጣም። የሙቀቱን ወራት ሙሉ ገጠር ሲመጣ አሳማዎቹን ያበላል፣ ምሳውን ይበላል፣ «አመሰግናለሁ፣ አሰልጣኝ» ብሎ ይሄዳል። ሴት አያቱ ምን ተፈጠረ ብላ ብትጠይቅ ሁለቱም አልነገሯትም።

ኦርቪል በሰኔ ላይል ቤት ሄደ። ላይል እንደ ልማዱ ግራውን ዘረጋ። ኦርቪል ግን «ቀኙን ስጠኝ» አለው። ላይል ሊቀልድ ፈልጎ አልሆነለትም፤ አውጥቶ ሰጠው። በረንዳው ላይ ያን እጅ ይዞ ይቅርታ ጠየቀ። ላይልም፣ «እኔም እኮ ስቄያለሁ፣ አሰልጣኝ» አለው። ከዚያ ስለ በቆሎ አወሩ። በሳምንቱ ኦርቪል መፍቻ ይዞ ትምህርት ቤት ሄደና ሰሌዳውን ፈታው። ሊያቃጥለው አስቦ አንጀቱ አልቆርጥ ስላለው በረቱ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጠው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ይነገር ከተባለ ይሄው ነው። በቀጣዩ የውድድር ዓመት እጃቸው የደነዘዘ ሁለት የትምህርት ቤቱ ልጆች በመለኪያው ተለይተው በጊዜ ታወቁ። አንደኛው ሦስት፣ ሌላኛው ስድስት ሳምንት አርፈው ድነው ተመለሱ፤ ሁለቱም ዛሬ ሸሚዛቸውን በገዛ እጃቸው ይቆልፋሉ። እናቶቻቸው ምን እንደተረፈላቸው አያውቁም። የላይልን ሠላሳ ዓመት ግን ማንም አልመለሰለትም።

ይህ የሆነው መስከረም ላይ፣ በትምህርት ቤቱ የመለኪያ ዕለት፣ ኦርቪል ራሱ መዝገብ ይዞ ጠረጴዛው አጠገብ ስለተቀመጠ ነው። አዲሶቹ ልጆች ተሰልፈዋል። «ባላችሁ ጉልበት ሁሉ ጨብጡ» ይላቸዋል። ልጆቹ ከታላላቆቻቸው ብልሃቷን ሰምተዋልና እየተያዩ ይስቃሉ፤ የመጀመሪያው ልጅም ፊቱ ላይ ቅንጣት ድካም ሳይታይ ለስለስ አድርጎ ጨበጠ። ኦርቪል አየው። ምን ብሎ እንደሚያሳምነው ጨነቀው፤ እሱ ራሱ ነበርና የዚህ ትምህርት አባት።

ያኔ በሩ ተከፈተና ብሮዲ ገባ። ማንም አልጠራውም ነበር። ልጆቹ ሲያዩት ሰልፋቸውን አስተካከሉ፤ ሰሌዳው ላይ የነበረውን ስሙን ሁሉም ያውቁታል። ሰልፉን አልፎ መጣና መሣሪያውን ከልጁ እጅ ወሰደ። መጀመሪያ በግራው ጨበጠው፦ ሃምሳ ሁለት ኪሎ። ከዚያ ወደ ቀኙ አዛወረው። የአንገቱ ጠባሳ እስኪቀላ፣ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ጨበጠ። ሠላሳ አራት።

ቁጥሩን ወደ ልጆቹ አዙሮ አሳያቸው። «የእውነቴ ይሄ ነው» አላቸው። «ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ አይመጣም ብለውኛል።» ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ኦርቪል እስክሪብቶውን ይዞ ቁጥሩን ብቻ ያይ ነበር።

«ጻፈው እንጂ፣ አባባ» አለው።